አውሮፕላኑ የት እንዳለ ማን ነገረው?

ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በኖቬምበር 1770 ሰከላ ደርሶ የግሽ ዓባይን ምንጭ ካየ በኋላ፣ ደስታውንም ትካዜውንም ተወጥቶ ወደ ልኬት ሥራው ገባ። የቆመበት ቦታ በዓለም ካርታ ላይ የት እንደሚውል ማወቅ ነበረበት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከምድር ወገብ ምን ያህል ወደ ሰሜን እንደሆነ ከሰማይ አካላት ከፍታ አሰላና 10 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ከ25 ሴኮንድ አገኘ። ወደ ምሥራቅ ያለው ልኬት ግን ሌላ መላ ይፈልግ ነበር። ጁፒተርን ከሚዞሩት ጨረቃዎች አንዷ በፕላኔቷ ጥላ የምትሰወርበት ሰዓት አውሮፓ ውስጥ አስቀድሞ ተሰልቶ በሰንጠረዥ ታትሞ ነበር። ብሩስ ያው መሰወር ግሽ ላይ በስንት ሰዓት እንደታየ መዘገበ፤ የሁለቱን ሰዓት ልዩነት ወደ ዲግሪ ለወጠና ከግሪንዊች በስተምሥራቅ 36 ዲግሪ ከ55 ደቂቃ ከ30 ሴኮንድ ብሎ ጻፈ።

የሰሜኑ ልኬት ዛሬ ከሚታወቀው የሚለየው በጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የምሥራቁ ግን ምንጩን ከሃያ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምዕራብ ገፍቶታል። የስህተቱ መጠን ወደ ሰዓት ሲመለስ አንድ ደቂቃ ያህል ነው። ምድር በአራት ደቂቃ አንድ ዲግሪ ስለምትዞር፣ ሰዓቱ ወይም ሰንጠረዡ አንድ ደቂቃ ሲያዛባ ጎጃም ላይ ከአንድ ወረዳ ወደ ሌላ ያሻግራል።

በዚያው ሰማይ ሥር ዛሬ ከቦሌ የተነሣ አውሮፕላን የዓባይን ሸለቆ ተሻግሮ፣ ደብረ ማርቆስን አልፎ፣ ጮቄን በቀኝ ትቶ ወደ ባሕር ዳር ይወርዳል። በአብራሪዎቹ ፊት ባለው ስክሪን ላይ ትንሿ የአውሮፕላን ምስል በመስመሯ ላይ ትሄዳለች። ተሳፋሪው ቦታው በሳተላይት እንደሚታወቅ ሲሰማ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ስንት ሜትር ይሳሳታል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም አስቸጋሪ አይደለም። ከመልሱ ይልቅ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው፤ መሣሪያው በተሳሳተ ጊዜ መሳሳቱን ማን ያውቃል?

ከአሠራሩ እንጀምር። ጂፒኤስ የተባለው የአሜሪካ ሥርዓት ሠላሳ ያህል ሳተላይቶች አሉት፤ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው ምድርን በቀን ሁለት ጊዜ ይዞራሉ። ሩሲያ ግሎናስን፣ አውሮፓ ጋሊሊዮን፣ ቻይና ቤይዱን ለየራሳቸው ዘርግተዋል። እያንዳንዱ ሳተላይት የአቶም ሰዓት ተሸክሞ “ይህ የእኔ ቦታ ነው፣ ይህ የእኔ ሰዓት ነው” የሚል የሬዲዮ መልእክት ያለማቋረጥ ይልካል። መልእክቱ መሬት ለመድረስ የሴኮንድ አንድ አሥራ አምስተኛ ያህል ይፈጅበታል። ተቀባዩ የፈጀውን ጊዜ በብርሃን ፍጥነት አባዝቶ ከሳተላይቱ ያለውን ርቀት ያገኛል።

አንድ ርቀት ብቻውን ቦታ አይናገርም። ላም በገመድ ካስማ ላይ ስትታሰር የምትደርስበት ክብ እንጂ የቆመችበት ነጥብ አይታወቅም፤ በሁለት ካስማ መካከል ሁለት ገመድ ወጥራ ብትቆም ግን ያለችው ከሁለት ነጥቦች በአንዱ ላይ ነው፤ ሦስተኛው ካስማ የትኛው እንደሆነ ይለያል። የአውሮፕላኑ ካስማዎች ሰማይ ላይ ናቸው፤ ከፍታም ስላለው ነገሩ በክብ ፈንታ በድቡልቡል ኳስ ይሰላል። በዚያ ላይ የአውሮፕላኑ ሰዓት የአቶም ሰዓት አይደለም፤ ተራ ሰዓት ነው። የእሱ መዛባት እንደ አንድ ተጨማሪ የማይታወቅ ቁጥር ስለሚቆጠር አራተኛ ሳተላይት ያስፈልጋል። ቢያንስ አራት የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ብሩስ አንድ ደቂቃ ስቶ ከሃያ ኪሎ ሜትር በላይ ከሸሸ፣ እዚህ ሂሳቡ እጅግ የጠበበ ነው። የሴኮንድ ቢሊዮንኛ መዛባት 30 ሴንቲ ሜትር ያሳስታል፤ የሴኮንድ ሚሊዮንኛ 300 ሜትር። አንስታይን በወረቀት የጻፈው ነገር እንኳ እዚህ ይቆጠራል። የሳተላይቱ ሰዓት የምድር ስበት በላላበት ከፍታ ላይ ስለሚሄድ፣ ፍጥነቱ በጥቂቱ ቢያዘገየውም፣ ምድር ላይ ካለው ሰዓት በቀን የሴኮንድ 38 ሚሊዮንኛ ያህል ይፈጥናል። አስቀድሞ ባይስተካከል ኖሮ በአንድ ቀን ውስጥ ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ ስህተት ይከማች ነበር።

የአሜሪካ መንግሥት ለሕዝብ በሚሰጠው አገልግሎት ቃል የገባው፣ በዓለም አማካይ ሲታይ ከመቶ ጊዜ በዘጠና አምስቱ የአግድም ስህተቱ ከ8 ሜትር፣ የከፍታ ስህተቱ ደግሞ ከ13 ሜትር እንዳይበልጥ ነው። በተግባር ሰማይ ክፍት በሆነበት ቦታ ጥሩ ተቀባይ ከዚህ የተሻለ ይሠራል፤ ሁለት ሦስት ሜትር የተለመደ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በ1983 አንድ የደቡብ ኮሪያ መንገደኛ አውሮፕላን ከመስመሩ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ስቶ የሶቪየት ኅብረት ሰማይ ውስጥ ገብቶ ተመትቶ ሲወድቅ 269 ሰዎች አለቁ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሬገን በዚህ ምክንያት ጂፒኤስ ለሲቪሉም እንደሚከፈት አስታወቁ። የተከፈተው ግን ሆን ተብሎ ደብዝዞ ነበር፤ ለወታደር ያልሆነ ሰው እስከ 100 ሜትር የሚያሳስት ጉድለት ተጨምሮበት። ይህ ማደብዘዝ የተነሣው በሜይ 2000 ነው። እንግዲህ ዛሬ ደብረ ማርቆስ ገበያ መካከል ስልኩን አውጥቶ ሰማያዊውን ነጥብ የሚያይ ወጣት የሚያገኘው ትክክለኛነት ከዚያ በፊት ለአየር መንገዶች እንኳ አልተፈቀደም ነበር።

ቃል የተገባው ቁጥር ግን የዓለም አማካይ ነው። የኢትዮጵያ ሰማይ አማካይ ሰማይ አይደለም።

ከምድር በላይ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የፀሐይ ጨረር የአየሩን ቅንጣቶች እየሰነጠቀ ኤሌክትሮኖችን ይለቃል። አዮኖስፌር የሚባለው ይህ ሽፋን በኤሌክትሪክ የተሞላ ስለሆነ በውስጡ የሚያልፈውን የሳተላይት መልእክት ያዘገየዋል፤ መዘግየቱ በርቀት ሲተረጎም ከጥቂት ሜትር ተነሥቶ በአሥሮች እስከሚቆጠር ሜትር ይደርሳል። ሽፋኑ በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። የምድር ማግኔት ኃይል ከመሬቱ ጋር ትይዩ ሆኖ የሚተኛበት መስመር አለ፤ ማግኔታዊው የምድር ወገብ ይሉታል። ካርታ ላይ የምናውቀው የምድር ወገብ ከኢትዮጵያ ደቡብ፣ በኬንያ በኩል ሲያልፍ፣ ማግኔታዊው ግን ወደ ሰሜን ታጥፎ የአገራችንን መካከለኛ ክፍል ያቋርጣል። አዲስ አበባም ደብረ ማርቆስም ከዚህ መስመር ብዙ አይርቁም።

በመስመሩ ላይ ሽፋኑ ይናወጣል። ቀን ኤሌክትሮኖቹ ወደ ላይ እየተገፉ ከዚያ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይፈሳሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ከሥር የሳሱ ክፍተቶች እንደ አረፋ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ በእነዚህ ውስጥ የሚያልፍ መልእክት ይርገበገባል፣ አንዳንዴም ይቆረጣል። ይህ በብዛት የሚታየው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ፣ በተለይም ፀሐይ በአሥራ አንድ ዓመት ዑደቷ ወደ ከፍተኛ እንቅስቃሴዋ በምትደርስበት ጊዜ ነው። የአሁኑ ዑደት በ2024 እዚያ ደርሷል።

አገራችን ለዚህ ጥናት አዲስ አይደለችም። ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዊን በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ በ1957 እና 1958፣ አዲስ አበባ ላይ የማግኔት መለኪያ ጣቢያ ሲያቋቁም ቦታው የተመረጠው ለማግኔታዊው ወገብ ቅርብ ስለሆነ ነበር። ጣቢያው በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ቀጥሏል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ይህንኑ ሰማይ የሚያጠና ላቦራቶሪ አለው፤ ስሙ ዋሸራ ነው። የጎጃም የቅኔ ተማሪ ሊቅ ፍለጋ የሚሄድበት ደብር ስም ለራዳርና ለጂኦስፔስ ምርምር መሰጠቱን የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከልቡ ይወደዋል። እዚያ ያሉ ተመራማሪዎች ከጂፒኤስ ተቀባዮች በሚያገኙት መረጃ በኢትዮጵያ ላይ ያለውን የኤሌክትሮን ብዛት ይቆጥራሉ። ለሌላው ተጠቃሚ ስህተት የሆነው ነገር ለእነሱ ምርት ነው።

ተራ ተቀባይ ይህን መዘግየት የሚያስተካክለው ከሳተላይቱ በሚመጣ አጠቃላይ ቀመር ነው፤ ቀመሩ የሚያስወግደው ግማሹን ያህል ብቻ ነው። ጥሩው መላ መልእክቱን በሁለት የተለያዩ ሞገዶች መቀበል ነው። አዮኖስፌር ሁለቱን እኩል ስለማያዘገያቸው ከልዩነታቸው መዘግየቱን ማስላትና ማጥፋት ይቻላል። አዳዲስ ስልኮች ይህን መሥራት ጀምረዋል። አውሮፕላን ላይ የሚጫን መሣሪያ ግን ፈቃድ ለማግኘት ረጅም ዓመታት ስለሚፈጅበት፣ ዛሬ የሚበሩት አብዛኞቹ በአንድ ሞገድ የሚሠሩ ናቸው። ስልኩ ከአውሮፕላኑ ቀድሟል ማለት ነው፤ ግን እስኪ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ፤ ስልኩ ሲሳሳት አይናገርም።

ማርች 31 ቀን 2003 ከእስክንድርያ የተነሣ ኤርባስ ኤ320 አውሮፕላን አዲስ አበባ ለማረፍ እየተቃረበ ነበር። የብሪቲሽ ሜዲትራኒያን ኤርዌይስ ንብረት ነው፤ በረራው በብሪቲሽ ኤርዌይስ ስም ነበር። ይህ አውሮፕላን ጂፒኤስ አልነበረውም። ቦታውን የሚያሰላው ከራሱ ጃይሮስኮፖች (መዞሩን ከሚለኩ መሣሪያዎች) እና መሬት ላይ ከተተከሉ የሬዲዮ ጣቢያዎች በሚያገኘው መረጃ ነበር፤ ከእነዚህም አንዱ የአዲስ አበባው ቪኦአር ነው። ቪኦአር አቅጣጫ የሚነግር ጣቢያ ነው፤ አብራሪው ከጣቢያው አንጻር በየትኛው ዲግሪ ላይ እንዳለ ያነብበታል። የዚያን ቀን የጣቢያው አንቴና ውስጥ ውሃ ገብቶ ነበር። ጣቢያው መሥራቱን አላቆመም፤ የተሳሳተ አቅጣጫ እየሰጠ ቀጠለ።

አብራሪዎቹ ሁለት ጊዜ ለማረፍ ሞከሩ። በሁለተኛው አውሮፕላኑ አንድ የተራራ ጫፍ ላይ ሲያልፍ ከመሬቱ ጋር የነበረው ክፍተት 56 ጫማ፣ ማለትም 17 ሜትር ያህል ነበር። እንደገና ሽቅብ ወጡ፤ የሞተ ሰው የለም።

የእንግሊዝ የአውሮፕላን አደጋ መርማሪዎች ያገኙት ነገር ከክፍተቱ ማነስ ይልቅ ያስደነግጣል። አውሮፕላኑ ወደ ተራራ ሲጠጋ እንዲያስጠነቅቅ የተሠራ መሣሪያ ነበረው፤ በውስጡ የዓለም መልክዐ ምድር አለ፤ አውሮፕላኑ ያለበትን ቦታ ከዚያ ጋር እያስተያየ ይጮኻል። ቦታውን ግን የሚቀበለው በቪኦአሩ ከተበላሸው ከዚያው ስሌት ነበር። ስለዚህ የሚመራውም የሚጠብቀውም አንድ ስህተት ላይ ቆመው ተስማሙ። መርማሪዎቹ ካቀረቡት ምክር ዋናው የማስጠንቀቂያ መሣሪያው ቦታውን በቀጥታ ከጂፒኤስ ይውሰድ የሚል ነው።

ቪኦአር በጤናውም ቢሆን ከርቀት ጋር ይላላል። አንድ ዲግሪ ስህተት ከጣቢያው በ60 ማይል ላይ አንድ ማይል ይሆናል። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ በአየር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከቦሌ ጣቢያ አቅጣጫ ይዞ የሚበር አውሮፕላን ሦስት ዲግሪ ቢስት ደብረ ማርቆስ አናት ላይ ሲደርስ ወደ ጎን ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ርቋል። ከከተማዋ በስተሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚነሣ ጮቄ አለ። ደብረ ማርቆስ ራሷ 2,400 ሜትር ላይ የተቀመጠች ናት። ለዚህ ነው የጥንቱ የበረራ ሕግ በደጋ አገር በደመና ውስጥ ዝቅ ማለትን በእጅጉ ያጠበቀው፤ ዲሲ 3 በተባለው የድሮ አውሮፕላን ዘመን የነበሩ አብራሪዎችም ደመናው ካልተገለጠ ተመልሰው መሄዳቸው ፈሪ አያሰኛቸውም ነበር።

በሳተላይት ለማረፍ የሚቃረብ አውሮፕላን በመጨረሻው ክፍል የሚፈቀድለት ከመስመሩ ግራና ቀኝ 0.3 ኖቲካል ማይል፣ 556 ሜትር ነው። ጂፒኤስ ጥቂት ሜትር ብቻ የሚሳሳት ከሆነ ይህን ያህል መስክ ለምን ይተዋል? አንዱ ምክንያት አብራሪውና ነፋሱም የራሳቸውን ስህተት መጨመራቸው ነው። ዋናው ግን ጥቂት ሜትር የሚባለው የተለመደውን ቀን የሚገልጽ መሆኑ ነው። ሕጉ የሚጠነቀቀው ላልተለመደው ቀን ነው። አሥር ሚሊዮን የበረራ ሰዓት ውስጥ አንዴ እንኳ ስህተቱ ከተፈቀደው አልፎ ሳለ አብራሪው ሳይነገረው እንዳይቀር ይጠየቃል፤ ማስጠንቀቂያውም በሴኮንዶች ውስጥ መድረስ አለበት።

ይህ ሥጋት በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። በ2004 የመጀመሪያ ቀን ከጂፒኤስ ሳተላይቶች የአንዱ ሰዓት ተበላሸ። ሳተላይቱ ግን “ደህና ነኝ” እያለ ለሦስት ሰዓት ያህል መላኩን ቀጠለ፤ በኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር ስህተት ያለበት መልእክት። የአውሮፕላን ተቀባይ ከእንዲህ ያለው የሚድነው ሳተላይቶቹን እርስ በርስ በማመሳከር ነው። አራት ሳተላይት ቦታ ለማግኘት ይበቃል፤ አምስተኛ ካለ አንዱ ከሌሎቹ ጋር አለመስማማቱ ይታወቃል፤ ስድስተኛ ካለ ደግሞ የሚዋሸው የትኛው እንደሆነ ተለይቶ ይወጣል። የሚያመሳክርበት በቂ ሳተላይት ከሌለው መሣሪያው ቦታውን በትክክል ቢያውቀው እንኳ “አትመኑኝ” ይላል። በአውሮፕላን መሣሪያና በስልክ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ይህ ነው፤ አንዱ የማይተማመንበትን ይናገራል፣ ሌላው ነጥቡን ያሳያል።

ከፍታ የተለየ ጣጣ አለው። ሳተላይቶች ሁሉ የሚታዩት ከላይ ብቻ ስለሆነ፣ ከሥር ሆኖ ስሌቱን የሚያቃና የለም፤ ስለዚህ የቁም ስህተት አብዛኛውን ጊዜ ከአግድሙ ይበልጣል። አዮኖስፌርም የሚያጠቃው ይህንኑ ነው። በደጋ አገር ደግሞ ሰውን የሚገድለው የቁም ስህተት ነው። ስለዚህ አውሮፕላን እስከ ዛሬ ከፍታውን በዋናነት የሚያውቀው በአየር ግፊት ነው፤ ተቆጣጣሪው የዕለቱን ግፊት ይነግረዋል፣ አብራሪው መለኪያው ላይ ይሞላል። ቁጥሩ በስህተት ቢሞላ ሳተላይት አያድነውም። በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በሕንድ የጂፒኤስን ስህተት መሬት ላይ በተተከሉ ጣቢያዎች እየለኩ እርማቱን በሌላ ሳተላይት በኩል ለአውሮፕላን የሚልኩ ሥርዓቶች አሉ። ከእነሱ በአንዳንዶቹ አውሮፕላን በማረፊያው ምንም የሬዲዮ መሣሪያ ሳይኖር ከመንደርደሪያው 200 ጫማ ከፍታ ድረስ ቁልቁል ሊመራ ይችላል። ኢትዮጵያ ከእነዚህ ክልል ውጭ ናት። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ አሴክና የተባለው የበረራ ደኅንነት ድርጅት ከ2020 ጀምሮ ተመሳሳይ ሥርዓት በሙከራ ያስተላልፋል። በማግኔታዊው ወገብ ሥር ያለ አገር ይህን ለመዘርጋት በአንድ ሞገድ የሚደረገው እርማት አይበቃውም፤ ተስፋው በሁለት ሞገድ በሚሠራው አዲስ ደረጃ ላይ ነው።

ሰማዩ እንዲህ ሲለካ መሬቱም መለካት አለበት፤ እዚህ ላይ የጎጃም ካርታ የራሱ ታሪክ አለው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ኢትዮጵያና አሜሪካ የዓባይን ተፋሰስ አብረው ሲያጠኑ የልኬት ነጥቦች ከተራራ ተራራ ተተከሉ። መነሻው ግን ኢትዮጵያ ውስጥ አልነበረም፤ በሱዳንና በግብፅ ድንበር አካባቢ ያለ አዲንዳን የተባለ ነጥብ ነው። ከዚያ ወዲህ የወጡ አብዛኞቹ የአገራችን የቀድሞ ካርታዎች ከዚያ የተመዘዙ ናቸው፤ የተመሠረቱበትም የምድር ቅርጽ ስሌት በ1880 የወጣ ነው። ጂፒኤስ የሚጠቀመው ሌላ ስሌት ነው። በዚህ ምክንያት ከድሮው ካርታ የተነበበ ቁጥር በጂፒኤስ ላይ ቢሞላ ቦታው 200 ሜትር ያህል፣ ከዚያም በላይ ይሸሻል። የመንገድ መሐንዲሶችና የመሬት ለኪዎች ይህን ጣጣ በደንብ ያውቁታል፤ ሁለቱን ሥርዓት ያደባለቀ ሰው ድልድዩን ከወንዙ ውጭ ያገኘዋል። ለአውሮፕላን ሲሆን ደግሞ ከመንደርደሪያው ውጭ ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከጃንዋሪ 1998 ጀምሮ አገሮች ሁሉ የአየር ማረፊያዎቻቸውን ቁጥር በአንድ ዓይነት ስሌት እንዲያወጡ ያስገደደው ለዚህ ነው። በቅርብ ዓመታት የተገነባው የደብረ ማርቆስ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አውሮፕላን ማረፊያም ከዚህ በኋላ የመጣ በመሆኑ ከዚያ ጣጣ ነፃ ሆኖ ነው የተወለደው።

መሬቱ ራሱም አይቀመጥም። ደብረ ማርቆስ ያለችበት የአፍሪካ ንጣፍ በዓመት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይሄዳል፤ ከስምጥ ሸለቆው ማዶ ያለው ክፍል ደግሞ በዓመት አምስት ሚሊ ሜትር ገደማ እየተለየ ነው። ይህን ያወቁት ዓመታት ሙሉ የሚያዳምጡ ቋሚ የጂፒኤስ ጣቢያዎች ናቸው። ለአብራሪ ምንም አይለውጥም፤ ቁጥሩን ለሚጠብቁ ባለሙያዎች ግን ሥራ ይሰጣል።

ቁጥሩ ሁሉ ልክ ሆኖም ሌላ ስህተት ሊቀር ይችላል። ኤፕሪል 4 ቀን 2021 የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጭነት አውሮፕላን ዛምቢያ ውስጥ ንዶላ ላይ ሲያርፍ፣ ያረፈው በግንባታ ላይ ባለ ገና ባልተከፈተ አዲስ አየር ማረፊያ ነበር። የሚጠብቀው የድሮው ማረፊያ ከዚያ ኪሎ ሜትሮች ይርቃል። የዚያኑ ቀን ሌላ የመንገደኞች አውሮፕላንም ወደዚያው ሜዳ ከተጠጋ በኋላ ሽቅብ ወጥቷል። ሳተላይቶቹን የሚወቅስ የለም። ቦታን ማወቅና መድረሻን ማወቅ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ ሁለተኛው የሰው፣ የሰነድና የዐይን ሥራ ነው።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ደግሞ ሰው ሆን ብሎ የሚያደርገው ማሳሳት መጥቷል። የሳተላይት መልእክት መሬት ሲደርስ እጅግ የደከመ ስለሆነ፣ በአቅራቢያው ያለ ትንሽ ማሰራጫ ሊያፍነው ይችላል። ይህ አንደኛው ዓይነት ነው፤ ተቀባዩ ምልክት አጣሁ ይላል፣ አብራሪውም ያውቀዋል። የከፋው ሁለተኛው ነው፤ እውነተኛውን የሚመስል የሐሰት መልእክት መላክ። ከ2023 መገባደጃ ጀምሮ በኢራቅ ሰማይ፣ ቀጥሎም በምሥራቅ ሜዲትራኒያን የሚበሩ አውሮፕላኖች በድንገት ስክሪናቸው ላይ ሌላ ቦታ ታዩ፤ ብዙዎቹ በአየር ላይ ሳሉ ቤይሩት አየር ማረፊያ ቆመው እንዳሉ ተነገራቸው። የአየር መንገዳችን አውሮፕላኖች የሚሄዱባቸው ቤይሩትና ቴል አቪቭ በዚሁ ክልል ውስጥ ናቸው። የሐሰት መልእክት የተቀበለ አውሮፕላን በአሥር ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ሳለ ማስጠንቀቂያው “መሬት ደርሰሃል፣ ወደ ላይ!” ብሎ ሊጮኽ ይችላል። ቦታና ሰዓት ከአንድ ምንጭ ስለሚመጡ ሰዓቱም አብሮ ይዛባል።

በ2003 አዲስ አበባ ላይ የተመከረው፣ የማስጠንቀቂያ መሣሪያው በቀጥታ ጂፒኤስን ይመን የሚል ነበር። ምክሩ ለጊዜው ትክክል ነበር። አሁን ደግሞ ያው መሣሪያ በሐሰተኛ ጂፒኤስ ምክንያት ባዶ ሰማይ ላይ ይጮኻል። አብራሪዎች ወደ አደገኛው ክልል ከመግባታቸው በፊት አውሮፕላኑ ጂፒኤስን እንዳይሰማ አድርገው በራሱ ጃይሮስኮፖችና የፍጥነት ለውጥ መለኪያዎች እንዲሄድ የሚያዘጋጁትም ለዚህ ነው። እነዚህ ከውጭ ምንም አይሰሙም፤ ስለዚህ ማንም ሊዋሻቸው አይችልም። ጉድለታቸው በየሰዓቱ አንድ ሁለት ማይል ያህል እየሸሹ መሄዳቸው ነው። መሸሹን የሚያርመው ደግሞ መሬት ላይ ያለ የርቀት መለኪያ ወይም ቪኦአር ነው። አገሮች ሊነቅሏቸው ያሰቧቸውን የድሮ ጣቢያዎች በሙሉ እንዳይነቅሉ አሁን የሚመከሩት ከዚህ የተነሣ ነው።

ለኢትዮጵያ ይህ ተጨባጭ የበጀት ጥያቄ ነው። አንድ ቪኦአር ተራራ ላይ ለማቆም መንገድ፣ መብራት፣ ጄኔሬተርና ጥበቃ ይፈልጋል፤ በ2003 እንደታየው ደግሞ ውሃ አንቴናውን እንዳያበላሸው የሚከታተል ባለሙያ። ሳተላይት ይህን ወጪ ሁሉ ለአሜሪካ፣ ለአውሮፓ፣ ለሩሲያና ለቻይና ትቶታል። እንደ ደብረ ማርቆስ ላለ ማረፊያ በሳተላይት የሚደረግ አቀራረብ ርካሽና ስህተቱ ከድሮው እጅግ የጠበበ መሆኑ አያከራክርም። የሚቀረው ሥራ ከሥሩ ያለው ነው፦ ለአውሮፕላኖቹ የሁለት ሞገድ ተቀባይ፣ ለሰማዩ በየምሽቱ የሚከታተሉ ጣቢያዎች፣ ጣቢያዎቹ የሚያዩትንም በመስከረምና በመጋቢት ምሽቶች ከመብረራቸው በፊት ለአብራሪዎች የሚያደርስ ሰው። የመጀመሪያውን አውሮፕላን ሠሪዎቹ ያመጡታል። ሁለተኛው በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ተጀምሯል። ሦስተኛው በዩኒቨርሲቲና በአቪዬሽን መካከል ያለ አጭር መንገድ ነው፤ የሚጠርገው ይፈልጋል።